ደጃፍና መድረክ፤ የላስታና የዋግ ተራሮች የክረምት በዓላት

ስለ አንድ ሕዝብ የኪነ ጥበብ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ቀድመው ወደ ሐሳባችን የሚመጡት በእጅ የሚዳሰሱት፣ ዘመን የተሻገሩት ሥራዎች ናቸው። ላስታ ሲባል ከአለት የተፈለፈሉት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ ዋግ ሲባል በሰቆጣ አቅራቢያ የሚገኘው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይታወሳሉ። የእነዚህ ሥራዎች ታላቅነት የሚያጠያይቅ አይደለም። ነገር ግን አለቱን የፈለፈለው ሕዝብ ነሐሴ በገባ ቁጥር በልጆቹ አንደበት የሚያቆመው ሌላ ሥራ አለው። ይህኛው ግድግዳና ጣሪያ የለውም፤ ሲዘፍኑት ይኖራል፣ ዝም ሲሉት ይጠፋል። አጥር ሊያጥሩለትና ዘበኛ ሊያቆሙለት አይቻልም፤ ጠባቂው የሚቀጥለው ዓመት ልጅ ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማንሣት የምሞክረው ስለዚሁ ሁለተኛ ሥራ ነው፤ ይኸውም በላስታና በዋግ ተራሮች ክረምቱ ሊያበቃ ሲል ልጆች ከደጃፍ ወደ ደጃፍ እየዞሩ ስለሚያከብሯቸው የቡሄ፣ የሻደይና የአሸንድዬ በዓላት። ስለ በዓላቱ አለባበስና ጭፈራ ብዙ ተብሏል። እኔ ግን ትኩረቴን በደጃፉ ላይ አደርጋለሁ። የእነዚህ በዓላት ኪነታዊ ኃይል የሚመነጨው በዘፋኙና በባለቤቱ መካከል በደጃፍ ላይ ከሚደረገው ምልልስ ነውና፣ ደጃፉ ሲለወጥ ምን አብሮ እንደሚለወጥ መመርመር ተገቢ ይመስለኛል።

ተራራውና ክረምቱ

የበዓላቱን ምንነት ለመረዳት አስቀድሞ የአገሩን አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4200 ሜትር በላይ ይዘልቃል። ተከዜ የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ከፍተኛ ምድር ነው፤ በዋግ በኩል የሚወርደው ጸላሪም ከተከዜ ገባሮች አንዱ ነው። በበጋ እረኛ ልጅ ሱሪውን ሰብስቦ የሚሻገረው ጅረት በሐምሌና በነሐሴ ጎልማሳውን ጠልፎ ይወስዳል። ከአምባ ወደ አምባ የሚያደርሰው የገደል መንገድ በጭቃና በናዳ ይበላሻል፤ ጉሙ ሲወርድ በአንድ ሸንተረር የሚኖሩ ጎረቤታሞች እንኳ አይተያዩም።

ይህ የክረምት ጠባይ በታሪክ ጽሑፎች ውስጥ አሻራውን ትቷል። በ1520 (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ክረምቱ በሚበረታባቸው ሦስት ወራት የአገሩ ሰው መንገድ እንደማይሄድ መዝግቧል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ሲጽፍ አንባቢ አያምነኝም ብሎ የሠጋውም ይኸው ሰው ነው፤ መጽሐፉ በ1540 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። የነገሥታቱ ዜና መዋዕሎችም የየዓመቱን ድርጊት ሲተርኩ ንጉሡ ክረምቱን የት እንዳሳለፈ መጥቀስ ልማዳቸው ነው፤ ዝናብ ሲጠና ዘመቻ ይቆማልና። በቋንቋችንም «ከረመ» የሚለው ግሥ ክረምትን ማሳለፍን ያመለክታል። ተለያይተው የቆዩ ሰዎች ሲገናኙ «እንዴት ከረማችሁ?» ተባብለው መጠያየቃቸው፣ ክረምት ሰውን ከሰው የሚለይ ወቅት እንደ ነበር ያስታውሰናል ማለት ይቻላል።

ክረምቱ ከመለያየት ሌላ የመጉደልም ጊዜ ነው። ያለፈው መኸር እህል ከጎተራ ተሟጥጦ፣ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይበት ወቅት በመሆኑ፣ በነሐሴ ወር በሰው ደጃፍ ቆሞ ዳቦ መጠየቅ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በዓላቱ ግን ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት ልክ በዚህ ወር ነው። ጠያቂዎቹ ልጆች፣ መጠየቂያውም ግጥምና ዜማ የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጎልማሳ ጎልማሳን እህል ቢጠይቅ ልመና ይሆናል፤ ልጅ በዜማ ሲጠይቅ ግን ጨዋታ ነው፤ የሰጠውም ያልሰጠውም ፊቱን ሳያዞር ይመልሳል። ከዚህም በላይ በዝናቡ ምክንያት ተዘግቶ የከረመው በር በልጆቹ ይከፈታል። ማን እንደ ታመመ፣ የማን ጎጆ እንደሚያፈስ፣ የማን ጎተራ ባዶ እንደ ሆነ መንደሩ በልጆቹ ዓይን ያያል።

የወንዶቹ ተራ፤ ቡሄ

ቀድመው የሚወጡት ወንዶች ልጆች ናቸው። ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ዕለት መታሰቢያ ነው፤ በሕዝቡ ዘንድ ቡሄ ይባላል። ስለ ስያሜው ከአንድ በላይ ትርጓሜ ይሰጣል፤ አንዳንዶች ከብርሃንና ከመገለጥ ጋር፣ ሌሎች ደግሞ ከቡሆው፣ ማለትም ለዳቦ ከሚቦካው ሊጥ ጋር ያያይዙታል። የአገሬው አነጋገር ግን ቡሄን ከዶሮ ጩኸት ጋር ያመሳስለዋል፤ አንዱ የሌሊቱን፣ ሌላው የክረምቱን ማለቅ ያበሥራልና።

የበዓሉ ዝግጅት የሚጀምረው ከዕለቱ ቀደም ብሎ ነው። ነሐሴ ሲገባ እረኞች ጅራፋቸውን ገምደው በየኮረብታው ያጮኻሉ። የጅራፉን ድምፅ በታቦር ተራራ የተሰማው ድምፅ ምሳሌ አድርገው የሚተረጉሙት አሉ። ጉም በጋረደው ተራራ ላይ ከወዲያ ማዶ ያለው እረኛ በራሱ ጅራፍ ሲመልስ ደግሞ፣ ድምፁ ብቸኞች የሚጠራሩበት ቋንቋ ይሆናል። በዋዜማው ችቦ ይለኮሳል፤ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ። ዕለቱ ከነሐሴ 1 እስከ 15 በሚጾመው በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ስለሚውል ሙልሙሉ ቅቤም ወተትም የማይገባበት የጾም ዳቦ ነው። ለዘመድ ልጅ፣ ለክርስትና ልጅና ለጨፋሪዎቹ ይታደላል።

ከኪነት አኳያ ሲታይ የሆያ ሆዬ ጨዋታ የተሟላ ቅርጽ ያለው ተውኔት ነው። አውራጁ ፊት ይቆማል፤ ተቀባዮቹ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ ይቀበሉታል። በመጀመሪያ የመግቢያ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ቀጥሎ የቤቱ ጌታና እመቤት ይወደሳሉ፤ ከዚያ ጥበቃ አለ፤ በመጨረሻም ሙልሙሉ ሲወጣ ምርቃት፣ ሳይወጣ ሲቀር ሽሙጥ ይከተላል። በእነዚህ አራት ክፍሎች መካከል ያለውን ጊዜ የሚያሳጥረውም የሚያስረዝመውም የአውራጁ ችሎታ ነው።

የመድረክ ተዋናይ ተመልካቹን የሚያየው በጨለማ ውስጥ ነው። አውራጁ ግን የሚያወድሰውን ሰው ፊት ለፊት ያየዋል፤ ጎረቤትም ቆሞ ይሰማዋል። ንፉጉን ቸር ቢል መንደሩ ይስቅበታል፤ ስለዚህ ውዳሴው እውነትን ሳይለቅ ማማር ይኖርበታል። በዚህ ዓመት ቤት የሠራውን፣ በሬ የገዛውን፣ ልጅ የወለደችውን ለይቶ ማወቅ አለበት። ገና ጢም ያላቀረቀረ ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን በየቤቱ እየለዋወጠ ሲፈጽም፣ ስንኝ መቋጠርን፣ የሰውን ጠባይ ማስተዋልንና የአነጋገር ለዛን በአንድነት ይማራል።

ባለቤቱም በበኩሉ ተዋናይ ነው። ቶሎ ብሎ ዳቦውን ቢያወጣ ጨዋታው ባጭሩ ይቀጫል፤ ስለዚህ ያልሰማ ይመስላል፤ ከውስጥ ሆኖ ያሳል፤ «የምን ጩኸት ነው?» ይላል። ልጆቹም ይህን ያውቁታል፤ እምቢታው የጨዋታው ክፍል መሆኑን ተረድተው ሌላ ስንኝ ያወርዳሉ። አንድ ቤተሰብ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ተሰብስቦ፣ ማንም ሳይባረርና ማንም ሳያፍር በአንድነት የሚስቅበት ተውኔት ማዘጋጀት ምን ያህል አስቸጋሪ መሆኑን እኛ ተውኔት ጸሐፊዎች እናውቀዋለን።

የልጃገረዶቹ ተራ፤ ሻደይና አሸንድዬ

ወንዶቹ ጅራፋቸውን ሲያስቀምጡ ተራው የልጃገረዶች ይሆናል። ጾመ ፍልሰታ ተፈጽሞ፣ ከነሐሴ 16 እስከ 21 ቀን ድረስ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይከበራል፤ በትግራይ አሸንዳ የሚባለውም የዚሁ እኅት በዓል ነው። ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያይ እንጂ መሠረቱ አንድ ነው፤ ልጃገረዶች ረጅሙን ለምለም ቅጠል በወገባቸው ዙሪያ አሥረው፣ ከበሮ ይዘው፣ በኅብረት ይጨፍራሉ። አሸንድዬ የሚባለው ቅጠሉ ራሱ ነው። ሻደይም በዋግ አገው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ ለምለም ማለት እንደ ሆነ የአገሩ ሰዎች ያስረዳሉ።

ስለ በዓሉ አመጣጥ በዋነኛነት ሦስት ትርጓሜዎች ይነገራሉ። አንደኛው ከእመቤታችን ዕርገት ጋር የተያያዘ ነው፤ መላእክት ዘንባባ ይዘው እንዳጀቧት ሁሉ ልጃገረዶቹ ለምለም ቅጠል ይዘው በዓሏን ያከብራሉ። ሁለተኛው የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለማብሠር ርግቢቱ ለኖኅ ያመጣችውን ለምለም ቅጠል ያስታውሳል። ሦስተኛው በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ከተጻፈው ከዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ጋር ይያያዛል፤ አባቷ በተሳለው ስለት ምክንያት በድንግልና ለሞተችው ልጅ የእስራኤል ሴቶች ልጆች በየዓመቱ አራት ቀን ያለቅሱላት እንደ ነበር መጽሐፉ ይናገራል። አንዱ ከሞት በኋላ የሆነውን ዕርገት፣ አንዱ ከጥፋት በኋላ የመጣውን ልምላሜ፣ አንዱ በለጋነቷ የተቀጠፈችውን ልጅ ያስባል። በአሸንድዬ ዘፈን ውስጥ ደስታና ትካዜ ጎን ለጎን መሰማታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ስያሜዎቹ ከቅጠሉና ከልምላሜው መውጣታቸው ደግሞ የገበሬው የዘመን አቆጣጠርና የቤተ ክርስቲያኑ የበዓል አቆጣጠር በአንድ ሳምንት ውስጥ መገናኘታቸውን ያሳያል።

ለበዓሉ ጸጉር እንደ ዕድሜው በጋሜ ወይም በሹርባ ይሠራል፤ ዓይን ይኳላል፤ ጥልፍ ቀሚሱ፣ ድሪውና አልቦው ከሣጥን ይወጣል። ልጃገረዶቹ በቅድሚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሳለማሉ፤ ከዚያ የአገር ሽማግሌዎችንና ታላላቆችን ይጎበኛሉ፤ ቀጥሎ በየቤቱ ይዞራሉ። በዋግ ዘፈኑ በኽምጣንጋም በአማርኛም ይወርዳል። የሚሰጣቸው ገንዘብም ሆነ የሚበላ ነገር የጋራ ነው።

የበዓሉ ማኅበራዊ ክብደት የሚታወቀው የቀረውን ዓመት ሲያስቡት ነው። በተራራማው ገጠር የአንዲት ልጅ ቀን ውኃ በመቅዳት፣ እንጨት በመልቀም፣ በመፍጨትና ታናናሾቿን በመጠበቅ የተያዘ ነበር። ብዙዎቹም በለጋ ዕድሜያቸው ይዳሩ ስለ ነበር፣ ልጃገረድ ተብሎ በአደባባይ የሚጨፈርባቸው ዓመታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በእነዚህ ቀናት ግን ከሥራ ተፈትታ፣ ከእኩዮቿ ጋር ተያይዛ፣ ከቤት እንድትወጣ ቤተሰቧ ራሱ ይፈቅድላታል፤ ወንድሞቿም ክፉ እንዳያገኛት ከሩቅ ይጠብቃሉ። በሌላ ቀን ብትናገረው ነውር የሚባልባትን ነገር በከበሮ አጅባ ስትናገረው ይደመጥላታል። ጨካኙን ባል፣ አድሏዊውን ሹም፣ ቃሉን ያጠፈውን ጎረምሳ በስንኟ ትነካለች። የሚነካውም ሰው በደጃፉ ቆሞ እስከ መጨረሻው መስማት ግዴታው ነው፤ ጥሎ ቢገባ በመንደሩ ዘንድ ይበልጥ ይታማል።

ይህን ጥበብ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም ሆነ መጽሐፍ አልነበረም። ትምህርቱ የሚተላለፈው በሰልፉ ቅደም ተከተል ነው። ታናናሾቹ የታላላቆቻቸውን ቀሚስ ይዘው ከኋላ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ ወደ መካከል ይገባሉ፤ ከበሮው ይሰጣቸዋል። በመጨረሻ ፊት ቆመው ያወርዳሉ፤ ወዲያውም አግብተው ወይም ለትምህርትና ለሥራ ወጥተው ቦታውን ለተከታዮቻቸው ይለቃሉ። ይህ መሰላል ነው፤ አንድ እርከን ሲጎድልበት የታችኛዋ ልጅ ወደ ላይ የምትረግጥበት አታገኝም።

ደጃፉ የተዘጋባቸው ዓመታት

ስለሆነም የእነዚህን በዓላት ታሪክ ስንመረምር የተከበሩባቸውን ዓመታት ብቻ ሳይሆን በሚገባ ሊከበሩ ያልቻሉባቸውንም ማሰብ ይገባናል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኃብ፣ ቀጥሎም የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ይህን አካባቢ ክፉኛ ጎድተውታል። በ1977 አያሌ ቤተሰቦች ቀያቸውን ጥለው በኮረምና በሌሎች መጠለያዎች ተሰበሰቡ፤ ብዙዎችም በሰፈራ ፕሮግራም ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ተወሰዱ። ባለቤት ያጣ ቤት ደጃፍ ላይ ለማን ይወረዳል? ምርቃቱስ በማን ላይ ይውላል? ይሁንና ዝናቡ ሲመለስና ጭስ ከየጎጆው ዳግመኛ ሲታይ ዘፈኑም ተመለሰ። የተመለሰው መሰላሉን የሚያውቁ ታላላቅ እኅቶችና እናቶች በሕይወት ስለ ተረፉ ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ መሰናክሉ በተከታታይ መጣ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ ተሰብስቦ መገኘት ተከለከለ፤ የሰው ደጃፍ መርገጥ ራሱ የሚያስፈራ ሆነ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተቀሰቀሰው ጦርነት የአሸንዳን አገር አመሰ። ጦርነቱ እየሰፋ መጥቶ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ ከዚያ እስከ አሸንድዬ በዓል የቀሩት ሦስት ሳምንት የማይሞሉ ቀናት ነበሩ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች፤ የዋግ ኽምራም ሰፊ ክፍል የጦርነት ምድር ሆኖ ሕዝቡ ተፈናቀለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የመጀመሪያው ነሐሴ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት እንደ ገና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

እነዚህን ቀናት የምዘረዝረው የፖለቲካውን ታሪክ ለመተረክ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ የነበረችና የታላላቆቿን ቀሚስ ይዛ የምትቀበል አንዲት ልጅ፣ በ2015 ዓ.ም. 13 ዓመት ይሞላታል። ከበሮውን የምትማርባቸው ክረምቶች አንዱ በወረርሽኝ፣ ሌላው በጦርነት ተይዘው አልፈዋል ማለት ነው። የረኃብና የጦርነት ጉዳት ሲቆጠር የሞተው፣ የቆሰለውና የፈረሰው ይቆጠራል፤ ይህም ሊቀድም የሚገባው ነው። ነገር ግን ከልጅ ወደ ልጅ ሳይተላለፍ የቀረው ጥበብ በየትኛውም መዝገብ አይገባም። ድንበሩ ወዲያና ወዲህ የሚኖሩ ልጃገረዶች በአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ቅጠል የሚታጠቁ ሆነው ሳለ፣ በዚያው ሳምንት የወንድሞቻቸውን ሬሳ ሲጠባበቁ መክረማቸው የዚህ ታሪክ እጅግ አሳዛኙ ምዕራፍ ነው።

ከደጃፍ ወደ መድረክ

ከረኃብና ከጦርነት ሌላ፣ በዝግታ የመጣ ለውጥም አለ። ሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በኋላም በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው አዳራሽ ተከፍቶ፣ የየአካባቢው ባህላዊ ዘፈንና ጭፈራ ወደ መድረክ መውጣት ጀመረ። በ1970ዎቹ በየአውራጃውና በየቀበሌው የተደራጁት የኪነት ቡድኖች ይህንኑ አስፋፉት። ሥራው የሚናቅ አይደለም። የላስታ እስክስታ አገር ለአገር የታወቀው፣ ሰቆጣን አይቶ የማያውቀው ከተሜ የዋግን ዜማ የሰማው በዚህ መንገድ ነው። በቅርቡ ዘመንም በሰቆጣ፣ በላሊበላና በቆቦ በዓላቱ በአደባባይ ዝግጅት፣ እንግዳ ተጠርቶና ድምፅ ማጉያ ተተክሎ ይከበራሉ። ሸማኔው፣ ጥልፍ ጠላፊዋና አንጥረኛው ገበያ ያገኛሉ፤ ልጃገረዶቹም ልብሳቸውንና ቋንቋቸውን በኩራት ያሳያሉ።

ይሁን እንጂ መድረክ የራሱ ሕግ አለው። በመድረክ ላይ ጊዜ የተመጠነ ነው፤ ስለዚህ ስንኙ አስቀድሞ ተመርጦና ተጠንቶ ይቀርባል። ተመልካቹ ብዙና የማይታወቅ ነው፤ ስለዚህ ውዳሴው ስለ ማንም፣ ሽሙጡም በማንም ላይ አይሆንም። ተመልካቹ ያጨበጭባል እንጂ አይመልስም፤ ዳቦ አያወጣም፤ ስለዚህ ምርቃቱ የሚያርፍበት ሰው ያጣል። የዕድሜው መሰላልም ይታጠፋል፤ ለመድረክ የሚመረጡት ቁመታቸው የተመጣጠነ፣ እንቅስቃሴያቸው የሠመረ ልጃገረዶች ስለሚሆኑ፣ ቀሚስ ይዛ ከኋላ የምትከተለው የሰባት ዓመት ልጅ ቦታዋ ከተመልካች ጋር ይሆናል። ቅርጹ ተጠብቆ ይዘቱ የሚሳሳው እንዲህ ባለው መንገድ ነው።

በከተማም ያለው ሁኔታ ከዚህ የተለየ አይደለም። በአዲስ አበባ ቡሄ ሲደርስ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ነገር ግን የግቢው በር በዘበኛ ይጠበቃል፤ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ የጎረቤቱን ስም አያውቅም፤ ስለዚህ ልጆቹ ወደ ሱቅ፣ ወደ ሆቴልና ወደ መንገደኛ ይዞራሉ፤ ሙልሙሉም ሳንቲምና ብር ሆኗል። የማያውቁትን ሰው በስሙና በሥራው ማወደስ ስለማይቻል ስንኙ ለሁሉም የሚሆን የተለመደ ስንኝ ይሆናል። ባሕር ማዶ፣ ለምሳሌ በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ወሩ በዚያ አገር የፀሐይና የዕረፍት ወር በመሆኑ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢና በመናፈሻ ተሰባስበው ልጆቻቸውን ችቦና ሙልሙል ያሳያሉ። እነርሱ ቢያንስ ጥያቄውን በግልጽ ያውቁታል፤ ቤት ከቤት ተራርቆ በሚኖርበት አገር ለልጅ የሚዞርበት ደጃፍ ከየት ይገኝለት?

ስለ መፍትሔው

መድረኩ ይፍረስ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ እንጀራዬም ከእርሱ ነው። የምለው፣ መድረኩ ደጃፉን ይከተለው እንጂ አይተካው ነው። ዩኔስኮ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ያጸደቀው የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ስምምነትም ይህን ሐሳብ ይደግፋል፤ ቅርስ የሚለው ማኅበረሰቡ ራሱ የእኔ ነው ብሎ የሚኖረውን፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያስተላልፈውንና እንደየሁኔታው የሚያድሰውን ነው። የመስቀል በዓል በ2013፣ የጥምቀት በዓል በ2019 (እ.ኤ.አ.) በዚህ ስምምነት መሠረት በዓለም መዝገብ ገብተዋል። መዝገቡ ክብር ነው፤ ነገር ግን የተመዘገበ ዘፈንም ቢሆን የሚያወርደው ልጅ ካጣ ዝም ይላል።

በተግባር ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የባህል መሥሪያ ቤቶች የአደባባዩን ዝግጅት በመጨረሻው ቀን ቢያደርጉት፣ የፊተኞቹ ቀናት ለየመንደሩና ለየደጃፉ ነጻ ይሆናሉ። ውድድር ካስፈለገ ዳኝነቱ በጭፈራው መሠመር ብቻ ሳይሆን በድንገት በሚቋጠረው ስንኝ ላይም ቢያርፍ፣ ከመድረኩም አንድ ደጃፍ ተሠርቶ መልስ የሚሰጥ ባለቤት ቢቆምበት፣ ጥበቡ ነፍሱን አያጣም። ቡድኖች ሲመረጡ ከሦስቱም እርከን፣ ከታናናሾቹ፣ ከመካከለኞቹና ከአውራጆቹ እንዲሆኑ ቢደነገግ መሰላሉ ይጠገናል። በጦርነቱ ዓመታት ሳያወርዱ ልጃገረድነታቸው ላለፈባቸው ሴቶች፣ ያገቡም ቢሆኑ፣ ታናናሾቻቸውን የሚያስተምሩበት ቀን ቢሰጣቸው የጎደለው እርከን በከፊል ይሞላል። የዋግ ትምህርት ቤቶች ክረምቱ ሳይገባ በኽምጣንጋ የሚወርዱትን ስንኞች ከአሮጊቶች አፍ እየተቀበሉ በጽሑፍና በድምፅ ቢያስቀምጡ፣ ለሥነ ቃል ጥናትም ለቋንቋውም ትልቅ አገልግሎት ነው።

ከመሥሪያ ቤት በፊት ግን ቤተሰብ አለ። እነዚህ በዓላት ከእያንዳንዱ ባለቤት የሚጠይቁት ጥቂት ነው፤ ልጆቹ ሲመጡ በሩን እንዲከፍት፣ ገንዘቡን ቶሎ ሰጥቶ እንዳያሰናብታቸው፣ ቆሞ እንዲያዳምጥ፣ በጨዋታ እምቢ ብሎ ሌላ ስንኝ እንዲያወጡ እንዲያደርጋቸው፣ ሲመርቁትም አሜን እንዲል ነው። ክረምት ከልጅ እስከ አዋቂ በዋለበት ያሳለፈ መንደር፣ በነሐሴ መጨረሻ ማን እንዳለ የሚያውቀው በዚህ ነው። በላስታና በዋግ ብዙ በሮች ባለፉት ዓመታት ያለ ፈቃዳቸው ተዘግተዋል፤ ጥቂቶቹም ዳግም የሚከፍታቸው የለም። የቀሩት ግን ነሐሴ 16 ቀን ሲነጋ፣ ከበሮው ከታች ከጅረቱ በኩል ሲሰማ፣ ባለቤቶቻቸው ከውስጥ ሊቆዩአቸው ይገባል።